«እኔ ብጮህ ምን ይለወጣል?»

ጦርነትን በልቡ እየጠላ በአፉ የማይቃወም ሰው ሁልጊዜ አንድ መልስ አያጣም፤ «እኔ ብጮህ ምን ይለወጣል?» ይላል። ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው እንዲያውም ጥበብ ይመስለዋል። እኔ ግን ሐሰት ነው እላለሁ። ሐሰትነቱን ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቁት ጦርነት የሚያውጁት ሰዎች ናቸው።

ማስረጃዬን ከአሜሪካ አመጣለሁ። እዚያ መዛግብቱ ተከፍተዋል፤ መሪዎቹም ያሰቡትን በገዛ እጃቸው ጽፈውታል። ካላመለከትሁ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1969 ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ለሰሜን ቬትናም በምስጢር ቀነ ገደብ ሰጡ። እስከ ኖቬምበር 1 ቀን በድርድሩ ካልተለሳለሰች ከባድ ጥቃት እንደሚጠብቃት አስጠነቀቁ፤ ዕቅዱም እየተዘጋጀ ነበር። ኦክቶበር 15 ቀን ግን በመላ አገሪቱ በሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ሥራውንና ትምህርቱን ትቶ ወጣ። ብዙዎቹ በሕይወታቸው ሰልፍ ወጥተው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። በየአደባባዩ የሞቱትን ወታደሮች ስም እያነበቡ፣ ሲመሽም ሻማ እያበሩ ዋሉ። ኒክሰን አስቀድመው እንዲህ ያለ ተቃውሞ በምንም መንገድ ውሳኔያቸውን እንደማይነካው በጋዜጠኞች ፊት ተናግረው ነበር። ጦርነቱም ቀጠለ። ስንቱ ሰልፈኛ «በከንቱ ደከምን» ብሎ ቤቱ እንደተቀመጠ መገመት አያቅትም። በ1978 የታተመው የኒክሰን የሕይወት ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይናገራል፤ ተቃውሞው የቀነ ገደቡን ማስፈራሪያ ዋጋ እንዳሳጣው ራሳቸው አምነው ጽፈዋል። የታሰበውም ጥቃት በዚያ ኖቬምበር አልተፈጸመም። ጦርነቱ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሰው መብላቱን አልክድም። ሆኖም በአንዲት ትንሽ ከተማ ሻማ ይዛ የቆመች መምህርት ሥራ ሠርታ ነበር፤ መሥራቷን ለማወቅ ግን ዘጠኝ ዓመት መጠበቅ ነበረባት።

በዚያው በ1969፣ በኦገስት ወር በፔንስልቬንያ፣ በሃቨርፎርድ ኮሌጅ፣ የጦርነት ተቃዋሚዎች ስብሰባ ተደርጎ ነበር። ራንዲ ኬለር የሚባል ወጣት መድረኩ ላይ ወጣና ለውትድርና ምልመላ አልታዘዝም ያሉ ጓደኞቹ እንደታሰሩ፣ እሱም በቅርቡ ተከትሏቸው ወህኒ እንደሚወርድ በእርጋታ ተናገረ። ከአድማጮቹ መካከል ዳንኤል ኤልስበርግ ተቀምጧል። ኤልስበርግ በፔንታጎን የሠራ፣ በዚያን ጊዜም ራንድ በተባለው የጥናት ተቋም የነበረ፣ የቬትናምን ጦርነት ምስጢራዊ ታሪክ ለማንበብ ፈቃድ ከነበራቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ነው። ልጁ ሲናገር መቀመጥ አቃተው። ወጥቶ መጸዳጃ ቤት ገባ፤ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ለመታሰር ቢቆርጥ እሱስ ምን ማድረግ እንደሚችል ራሱን ጠየቀ።

ያደረገውን ዓለም ያውቀዋል። በኦክቶበር ወር ከጓደኛው ከአንቶኒ ሩሶ ጋር፣ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ቢሮ፣ ሌሊት ሌሊት 7,000 ገጽ የሚሆነውን ሰነድ ፎቶ ኮፒ ማድረግ ጀመረ። የ13 ዓመት ወንድ ልጁ ማሽኑ ላይ ቆሞ ያግዘዋል፤ የ10 ዓመት ሴት ልጁ ደግሞ መቀስ ይዛ ከየገጹ ላይ «ከፍተኛ ምስጢር» የሚለውን ጽሑፍ እየቆረጠች ታወጣለች። ጁን 13 ቀን 1971 ኒውዮርክ ታይምስ ሰነዱን ማውጣት ሲጀምር ተከታታይ ፕሬዚዳንቶች ስለ ጦርነቱ ሕዝቡን ሲያታልሉ እንደኖሩ በራሳቸው መንግሥት ወረቀት ተጋለጠ። ኬለር ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ታሰረ። ያን ቀን ሲናገር ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ካዝናው ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም ነበር። «ምን ይለወጣል?» የሚለው ሰው ሊያውቅ የማይችለውን ነገር እንዳወቀ አድርጎ ነው የሚናገረው።

ከቬትናም በደንብ የተማሩት ግን ገዢዎቹ ናቸው። የግዳጅ ምልመላ በ1973 ቀረ። ለወጣቱ ትልቅ ድል ነበር፤ ጦርነትን ከአብዛኛው ሰው ደጃፍ ያራቀውም ይኸው ድል ሆነ። በ2003 ኢራቅ ስትወረር የዘመተው ፈቅዶ የተቀጠረ ወታደር ነው። ወጪው በብድር ተሸፈነ። ወረራው በተጀመረ በሁለት ወር ገደማ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ግብር የሚቀንስ ሕግ ፈረሙ፤ እየተዋጉ ግብር መቀነስ ማለት ነው። የሞቱት ወታደሮች ሣጥን ዴላዌር በሚገኘው የዶቨር አየር ኃይል ጦር ሰፈር ሲደርስ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነበር፤ ክልከላው የላላው በ2009 ነው። ልጅህ አይዘምትም፣ ግብርህ አይጨምርም፣ ሬሳውንም አታይም። እንግዲህ ሕዝቡ ግዴለሽ የሆነው በተፈጥሮው አይደለም። ግዴለሽነቱ ታስቦበት፣ በሕግና በመመሪያ ተሠርቶ የተሰጠው ነው። ሰዎቹ የተራው ዜጋ ድምፅ ምንም እንደማያመጣ ቢያምኑ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልደከሙ ነበር።

ተቀባዩም ግን ከወቀሳ አያመልጥም። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2003 ከወረራው በፊት በዓለም ዙሪያ በመቶዎች በሚቆጠሩ ከተሞች ሰልፍ ተደርጎ ነበር። ሮም ውስጥ ብቻ የወጣው ሕዝብ እስከ 3 ሚሊዮን ይገመታል። አምስት ሳምንት ሳይሞላ ቦምቡ ባግዳድ ላይ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ አብዛኛው ሰልፈኛ ወደ ኑሮው ተመለሰ። «ጮኸን፣ አልሰሙንም» ማለት ልማድ ሆነ። የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። የአንድ ቀን ሰልፍ ለመንግሥት የአንድ ቀን ራስ ምታት ነው፤ ነገ እንደሚያልፍ ካወቀ ይታገሠዋል። የቬትናሙ ተቃውሞ ያስፈራው ኦክቶበር ላይ የወጣው ሕዝብ ኖቬምበርም እንደሚመለስ ስለታወቀ ነው፤ ተመልሶም ዋሽንግተንን አጥለቀለቃት።

የኢራቁን ጦርነት ታሪክ ሳነብ አብዝቶ የሚቆጨኝ የ2007 የሜይ ወር ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ኖቬምበር መራጩ በጦርነቱ ተማርሮ የኮንግረሱን አብላጫ ለዴሞክራቶች ሰጥቶ ነበር። ቡሽ ግን በጃንዋሪ ከ20,000 በላይ ተጨማሪ ጦር እንደሚልኩ አስታወቁ። ኮንግረሱ ወታደሮቹ የሚወጡበትን ጊዜ የሚወስን የበጀት ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንቱ ሜይ 1 ቀን ውድቅ አደረጉት። ወሩ ሳያልቅ ያው ኮንግረስ የጊዜ ገደቡን ሰርዞ ገንዘቡን ፈቀደ። በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ጦርነቱ ተንጠልጥሎ የነበረው በገንዘብ ገመድ ነው፤ ገመዱም በየወረዳው ቢሮ ባላቸው ተወካዮች እጅ ነበር። በ1973 ያንኑ ገመድ ኮንግረሱ ቆርጦት ያውቃል፤ ከኦገስት 15 ጀምሮ አሜሪካ በኢንዶቻይና እንዳትዋጋ በጀቱን ከልክሏል። በ2007 ግን መራጩ በምርጫው ቀን ሥራውን የጨረሰ መሰለው። የኢራቅ ጦርነት ወደ 4,500 የሚጠጉ የአሜሪካ ወታደሮችንና ከ100,000 በላይ ኢራቃውያን ሲቪሎችን በልቷል።

መንገዱ ጠፍቶ አልነበረም። በጃንዋሪ 2003 የቺካጎ ከተማ ምክር ቤት ጦርነቱን በ46 ድምፅ ለ1 ተቃውሟል፤ አባላቱን ወደዚያ የገፋፋቸው በየሰፈሩ ያለ ነዋሪ ነው። ልጇ ኢራቅ ውስጥ የሞተባት ሲንዲ ሺሃን በኦገስት 2005 ክሮፎርድ፣ ቴክሳስ ከቡሽ የዕረፍት ቤት አጠገብ ድንኳን ተክላ ልጄ የሞተው ለምን እንደሆነ ይንገሩኝ ስትል፣ ወሩን ሙሉ የአገሪቱ ጋዜጠኛ እዚያ ሰፈረ። ሜይ 1 ቀን 2008 ደግሞ የምዕራብ ጠረፍ የወደብ ሠራተኞች ጦርነቱን ተቃውመው የቀኑን ፈረቃ ሳይገቡ ቀሩ። ግልግል ዳኛው ግቡ ብሎ ወስኖ ነበር፤ አልገቡም። ከሲያትል እስከ ሳን ዲዬጎ በ29 ወደቦች ክሬኑ ሳይንቀሳቀስ፣ ኮንቴይነሩ ሳይወርድ ዋለ። ጦርነቱ በማግሥቱ አልቆመም። ከሁሉም የማከብረው ተቃውሞ ግን ይህ ነው፤ ሠራተኛው የተቃወመው እጁ ባለበት ቦታ፣ የቀን ደመወዙን ከፍሎ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ ነው የሚል አንባቢ ካለ አንድ ነገር ላስታውሰው። በመጋቢት 1995 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ኋይት ሀውስ ከኢራቁ ጦርነት ጎን ቆመዋል ያላቸውን አገሮች ስም ሲያወጣ ኢትዮጵያም ኤርትራም በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። በባድሜ ጦስ እልፍ አእላፍ ልጆቻቸውን ከቀበሩ ሦስት ዓመት ያልሞላቸው ሁለት መንግሥታት በሌላ ጦርነት ላይ ተስማምተው ተገኙ። ስማችን ሲመዘገብ የጠየቀን የለም። የባሰው ግን እኛም ማንንም አለመጠየቃችን ነው።

ተቃውሞ ወህኒና ጥይት በሚያስከትልበት አገር የሚኖረውን ሰው ዝም አልክ ብዬ አልወቅስም፤ ከሩቅ ሆኖ ሌላውን ጀግና ሁን ማለት ነውር ነው። ወቀሳዬ ቢናገር ማንም የማይነካውን ሰው ነው። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ፣ በሲያትል፣ በኦክላንድ ዜግነት ወስዳችሁ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ አሜሪካ የምትዋጋው በእናንተም ግብር ነው። ተወካያችሁ ለጦርነት በጀት እጁን ሲያወጣ ድምፁ በስሙ ይመዘገባል፤ መዝገቡም ለማንም ክፍት ነው። ፈልጋችሁ አንብቡት። ከዕድራችሁ ወይም ከቤተ ክርስቲያናችሁ አሥር ሰው ይዛችሁ ቢሮው ሂዱ፤ ለምን እንደደገፈ ጠይቁት፤ መልሱን ጽፋችሁ ያዙ፤ በሚቀጥለው ወርም ተመለሱ። ቀጣዩን ምርጫ አትጠብቁ፤ በጀቱ ከዚያ በፊት ይጸድቃል።