ጥሬ ቀረጻ ሁለተኛ ፈቃድ ይሻል

የአምስተርዳሙ ብሌንደር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣውን «ቲርስ ኦቭ ስቲል» የተባለ የ12 ደቂቃ ፊልም ጥሬ ቀረጻ ማንም እንዲሠራበት ክፍት አድርጓል። እንዲህ ያለው ቀረጻ ለቪዥዋል ኢፌክት ውድድር ይመቻል፤ ተወዳዳሪዎች ሁሉ በአንድ ምስል ላይ ስለሚሠሩ ችሎታቸው በእኩል ይመዘናል። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ በግል ባለሙያዎች የሚቀረጹ ፊልሞችም ለተማሪዎቻችን ይህን ዕድል ሊሰጡ ይገባል።

ሆኖም በዚያ ፊልም የተቀረጹት ተዋንያን ናቸው፤ በደጋው ግን በማሳውና በገበያው ያለ ገበሬ ጭምር ይቀረጻል። ለፊልሙ የፈቀደ ሰው ከፊልሙ የወጣው ምስሉ ለሌሎች እንዲታደል፣ መልኩም እንዲለወጥ ፈቅዷል ማለት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ እንዳይታይና እንዳይባዛ በመርሕ ይደነግጋል። ስለዚህ የውድድር አዘጋጅ ቀረጻውን ከማደሉ በፊት ወደ መንደሩ ተመልሶ ሁለተኛ ፈቃድ ይጠይቅ፤ ያልፈቀደውንም ሰው ምስል ያስቀር።