ሰማያዊው መስመር እስኪደርስ

የዱባይ የመንገዶችና ትራንስፖርት ባለሥልጣን ሰማያዊውን የሜትሮ መስመር እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 2029 ሥራ ለማስጀመር አቅዷል። ቀዩ መስመር በ2009፣ አረንጓዴው በ2011 የተመረቁትም በሴፕቴምበር 9 ነበር። 30 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውና 14 ጣቢያዎች የሚኖሩት አዲሱ መስመር እንደ ኢንተርናሽናል ሲቲ ያሉ፣ እስካሁን ከባቡር የራቁ ሰፈሮችን ያገናኛል።

እስከዚያው የእነዚህ ሰፈሮች ነዋሪ ሜትሮ ጣቢያ የሚደርሰው በአውቶቡስ ነው። የመስመር ለውጥ ሲነሳ ኃላፊዎች ስለ ጣቢያና ስለ ኪሎ ሜትር ይናገራሉ፤ ነዋሪው ግን ስንት ጊዜ ወርዶ እንደሚሳፈርና ምን ያህል እንደሚጠብቅ ይጠይቃል። ጉዳዩ ኪስንም ይነካል። በኖል ካርድ ከባቡር ወደ አውቶቡስ መሸጋገር እንደ አንድ ጉዞ የሚታሰበው በ30 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ነው። አውቶቡሱ ከዚያ ከዘገየ ተሳፋሪው በትንሹ 3 ድርሃም እንደ አዲስ ይከፍላል።

የእሑድ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። በሌሎቹ ቀናት ከንጋቱ 11 ሰዓት ሥራ የሚጀምረው ሜትሮ፣ እሑድ የሚነሳው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። በ1 ሰዓት ሥራ ለሚገባ የጥበቃ፣ የጽዳት ወይም የሆቴል ሠራተኛ (እሑድ ለብዙዎቹ የሥራ ቀን ነው) የሚቀረው አውቶቡስ ወይም ታክሲ ነው።

መፍትሔው ሁሉ አዲስ ሐዲድ አይጠይቅም። ቀደም ሲል በቀዩ መስመር የሚሄድ አንዳንድ ተሳፋሪ ጀበል አሊ ላይ ወርዶ ባቡር ይቀይር ነበር፤ በኤፕሪል 2024 የባቡሮቹ ስምሪት ሲስተካከል በቀጥታ መድረስ ተቻለ። ለማለዳ ፈረቃ የሚመች የእሑድ የአውቶቡስ ስምሪትም 2029ን መጠበቅ የለበትም።