መጽሐፉን ከዘጉ በኋላ

ዳዊትን ለሰባቱ ዕለታት ከፍለው የሚደግሙ አባቶችና እናቶች በየቤታችሁ አሉ። ሰኞ ከመጀመሪያው መዝሙር ተነሥተው እስከ 30ኛው ያደርሳሉ፤ ቅዳሜ 150ውን ይፈጽማሉ፤ እሑድም ጸሎተ ነቢያትንና መኃልየ መኃልይን ይደግማሉ። መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን እኛ በልጅነታችን ከውርድ ንባብ ወደ ቁም ንባብ ስንሸጋገር የኔታ የሚመረምሩት ተነሹንና ወዳቂውን ነበርና፥ አንደበት እንደ ውሃ ሲፈስ ኅሊና በሌላ ስፍራ መዋል እንደሚችል ያን ጊዜ ተምረናል። 30 መዝሙር ደግመን አንዱንም ሳናስታውስ የተነሣንበት ቀን ብዙ ነው።

ይህን ያረመልን የቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ከዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ሲቈጥር ይውላል። ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና ለማግኘት ስንት ታሪክ በልቡ ያመላልሳል! ዮናስን ሲያስብ የባሕሩን ጨው ካልቀመሰ ቅኔው አይሰምርለትም። ይስሐቅም ቀኑ ሲመሽ ለማሰላሰል ወደ ሜዳ መውጣቱን የኦሪት ዘፍጥረት 24ኛ ምዕራፍ ይነግረናል።

ስለዚህ በቤታችን ከእራት በኋላ አንዲት ክፍል ብቻ አንብበን መጽሐፉን እንዘጋለን። ከዚያም ስፍራው ምን ይመስል እንደ ነበር፥ እያንዳንዳችንም ከማን አጠገብ እንደ ቆምን እንጠያየቃለን። ያሰብነው ከተጻፈው ጋራ እንዳይደባለቅ ልጆቹን «መጽሐፉ ይህን ብሏልን?» እንላቸዋለን፤ የራስን ሐሳብ እንደ ወንጌል መናገር ድፍረት ነውና። ለሚከብደው ቃል አንድምታውን የሚያውቅ መምህር አለ።

ባለፈው ጾም የሉቃስን ወንጌል 15ኛ ምዕራፍ፥ የጠፋውን ልጅ ታሪክ አነበብን። የ8 ዓመት ልጃችን ዓይኗን ጨፍና ቈየችና፥ «ታላቁ ልጅ ከደጅ ቆሟል፤ እግሩ የእርሻ ጭቃ ነው» አለች። ቀጥላም «አባባ፥ በመጨረሻ ገባ ወይ?» ብላ ጠየቀች።

መጽሐፉን እንደ ገና ገለጥን። አባትየው ወጥቶ እንደ ለመነው ተጽፏል፤ መግባቱ ግን አልተጻፈም። «አልተነገረንም» አልናት።

«እርስዎስ ከማን አጠገብ ቆሙ?»

ይህን ምዕራፍ በጉባኤም በትምህርት ቤትም ስንት ጊዜ እንዳስተማርነው አይቈጠርም። ሁልጊዜም ከአባትየው ጋራ ሆነን የሚመለሰውን ልጅ እንጠባበቅ ነበር። በዚያች ሌሊት ግን ከእርሻ የመጣነው፥ ከውጭ የቆምነው እኛ ነበርን። ከአባታችን በቀረው ቤት ምክንያት ታናሽ ወንድማችንን ካነጋገርነው 6 ዓመት ሆኖታል። ልጅቱ አጎቷን በመልክ እንኳ አታውቀውም።

መልስ ሳንሰጣት መብራቱን አጠፋን። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ወጥተን ወንድማችን ወደሚኖርበት ሰፈር ሄድን፤ ከደጁ ደርሰን ሳናንኳኳ ተመለስን። የሚመጣው እሑድ እርሷን ይዘን ልንሄድ አስበናል።