ሳይክሉን ከበር አትመልሱት



ባለፈው ሳምንት የሳይክሌን ፎቶ ለጥፌ ነበር። የመምህራን ማረፊያ በረንዳ ላይ ግድግዳ ተደግፋ፣ ጎማዋ በጭቃ ተለውሶ። «የዛሬው መንገድ ይህን ይመስል ነበር» ብዬ ጻፍኩበት። ላይኩም መጣ፣ ሳቁም መጣ። «ቲቸር በዚህ ዕድሜ!» ያላችሁኝ አላችሁ። ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ነኝ፤ ይታረምልኝ።

ከኮሜንቶቹ መካከል ግን አንዷ እስካሁን አልለቀቀችኝም። የጻፈው ከአራት ዓመት በፊት የክፍል ኃላፊ ሆኜ ያስተማርኩት ልጅ ነው።

«ቲቸር፣ አሁን ሳይክል ማስገባት ተፈቀደ እንዴ?»

አሽሙር አይደለም። ልጁን አውቀዋለሁ፤ የምሩን ነው የጠየቀው። እኔ ግን መልስ አጣሁ። እንግዲህ ይህ ረዘም ያለ ጽሑፍ መልሱ ነው። ወደ እሱ ከመድረሴ በፊት እኔ ራሴ እንዴት ሳይክል ላይ እንደወጣሁ ላጫውታችሁ።

የምኖረው ወደ ዓለም ባንክ ነው። ትምህርት ቤት ለመድረስ ሁለት ታክሲ መያዝ አለብኝ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር የታክሲ ሰልፉ ምን እንደሚመስል የሰፈሬ ሰዎች ታውቁታላችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ተሰልፌ፣ በስብሼ፣ የመጀመሪያውን ፔሬድ አሳልፌ ደረስኩ። በዚያው ሳምንት የወር ከግማሽ ደሞዜን አውጥቼ ከአንድ ወዳጄ ያገለገለ ማውንቴን ገዛሁ። ማውንቴን የምንለው ያው ሰፊ ጎማና ብዙ ማርሽ ያለውን ነው። ለምን እሱን? ኮልፌን የሚያውቅ አይጠይቀኝም። ከቤቴ እስከ ዋናው አስፋልት ያለው መንገድ ግማሹ ኮብልስቶን፣ ግማሹ ኮረኮንች፣ ሁሉም ደግሞ ወይ አቀበት ወይ ቁልቁለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን አቀበቱ መሀል ላይ ካቴናው ወለቀ። ስህተቱ የእኔ ነበር። በሙሉ ጉልበቴ ፔዳሉን እየረገጥኩ ማርሽ ቀየርኩ። ማርሽ የሚቀየረው አቀበቱ ሳይጀምር፣ እግር ገና ቀለል ሲል ነው። ፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ይህን አለማወቄ ያሳፍራል። ማርሽ ጉልበት አይፈጥርልህም፤ ዕዳን በየወሩ ትንሽ ትንሽ እንደመክፈል፣ ያንኑ ሥራ በብዙ ዙር ከፋፍለህ እንድትሠራው ያደርግሃል እንጂ።

በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ወደቅሁ። እርጥብ ኮብልስቶን ነው፣ ቁልቁለት ነው፣ አንዲት ፍየል ከፊቴ ገባች። የፊተኛውን ፍሬን ጭብጥ አድርጌ ያዝኩት። ሳይክሉ ቆመ፣ እኔ ቀጠልኩ። ኢነርሺያ ማለት ይኸው ነው፤ በክርኔ ነው የተማርኩት። መንገድ ዳር ቆሎ የሚሸጡ እናት ከመሬት አነሱኝና ልብሴን እያራገፉ «ልጄ፣ ተረፍክ?» አሉኝ። ደህና መሆኔን ካዩ በኋላ ግን «አስተማሪ አይደለህ እንዴ? ምን ሆነህ ነው የልጅ መጫወቻ ላይ የወጣኸው?» ብለው ተቆጡኝ።

«የልጅ መጫወቻ» የምትለዋን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እሁድ እሁድ ስድስት ሆነን እንወጣለን። ነርስ አለ፣ ብረት በያጅ አለ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፣ የባንክ ሠራተኛ የሆነች እህት አለች። አቀበት ላይ ሁላችንንም የምትቀድመን እሷ ናት። ከንጋቱ 12 ሰዓት አየር ጤና ላይ እንገናኛለን። ከኮልፌ ወደ ምዕራብ ስታዩ ጠዋት ጠዋት ጉም ለብሶ የሚታያችሁ ተራራ ወጨጫ ነው፤ ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። በወዲያኛው ጎኑ ጽዱና ኮሶው የበዛበት የመናገሻ ሱባ ደን አለ። አሁን አሁን ለጥንቃቄ ብለን ከከተማው ብዙ አንርቅም፤ ግን ወጨጫን ፊት ለፊት እያዩ ፔዳል መርገጥ በራሱ ጸሎት ነው የሚመስለኝ። እርግጥ ትንፋሽ ካለህ ነው። በእኛ ከተማ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አቀበት ላይ ቁና ቁና ስትተነፍሱ በራሳችሁ አትፈሩ፤ ጥፋቱ የከፍታው ነው።

በዚህ ቡድን ውስጥ ያልተማርኩት ነገር የለም። ውሻ ሲያባርርህ አትሩጥ፤ ውረድና ሳይክሉን በአንተና በውሻው መካከል አድርገህ ቀስ ብለህ ተራመድ። ዝናብ በዘነበ ማግስት መረሬ አፈር ውስጥ አትግባ፤ ጭቃው ጎማውና ፍሬኑ መሀል ይጠቀጠቅና ሳይክሉን አንተ ትሸከመዋለህ። ኮረኮንች ላይ ጎማህን እንደ ድንጋይ አታስነፋው፤ ትንሽ ሲለሰልስ መሬቱን ይይዛል። ከጭቃ መልስ ካቴናህን ሳትጠርግና ዘይት ሳታስነካ አትተኛ። ከመነዳሪ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ ሳትይዝ አትውጣ፤ እሁድ ጠዋት ጎሚስታ ተኝቷል።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሕግ አለን። አንድ ሰው ከቆመ ሁሉም ይቆማል። ጎማ ፈንድቶበት ይሁን፣ ደክሞት ይሁን፣ ምክንያቱን አንጠይቅም። እንቆማለን።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበር። ከእኔም ቤት ያለፈ፣ ታክሲ የማይደርስበት አዲስ ሰፈር ነው የሚኖሩት። ጠዋት በእግሩ አንድ ሰዓት ያህል ይሄዳል። ታላቅ ወንድሙ የቀን ሥራ ሠርቶ አንድ አሮጌ ማውንቴን ገዛለት። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሁሉም ቀድሞ መድረስ ጀመረ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለምና። በሩ ላይ ግን «ሳይክል ይዞ መግባት ክልክል ነው» ተባለ። ምክንያቱ ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ግቢ ውስጥ እየነዳ ሰው ገጭቶ ነበር አሉ። ልጁም ውጭ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ በሰንሰለት አስሮ መግባት ጀመረ። እኔን መጥቶ «ቲቸር፣ ጥበቃዎቹን አናግርልኝ፤ እየገፋሁ ነው የማስገባው፣ አልነዳም» አለኝ። «እሺ፣ አያለሁ» አልኩት። አላየሁም። ረሳሁት ብል ውሸት ነው፤ ከአስተዳደር ጋር መነካካት አልፈለግኩም።

በሦስተኛው ሳምንት ሳይክሉ ተሰረቀ። የተቆረጠው ሰንሰለት ብቻ ምሰሶው ሥር ቀርቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያረፍድ ጀመር። ያረፈደ ተማሪ እስከ እረፍት ሰዓት ውጭ ነው የሚቆየው። ማስጠንቀቂያው ላይ ማን እንደሚፈርም ታውቃላችሁ? የክፍል ኃላፊው። ሦስት ጊዜ ፈረምኩ። በሁለተኛው ሴሚስተር ቀን መማሩን ትቶ ወደ ማታ ተዛወረ፤ ቀን ደግሞ ሥራ ገባ።

የዛሬ ዓመት ገደማ እኔ ራሴ ሳይክሌን ይዤ ያንኑ በር ስገባ ጥበቃው «መምህር፣ ግባ ግባ» ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልኝ። ደስ ብሎኝ ገባሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ደቂቃ ልጁ ትዝ እንኳ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ባለፈው ሳምንት፣ ኮሜንቷን ሳነብ ነው።

እንግዲህ ሐሳቤን ልናገር። ተማሪ ሳይክሉን ይዞ የትምህርት ቤት በር ይለፍ። ይኸው ነው። ትልቅ በጀት አይጠይቅም፣ ጥናት አይጠይቅም። ግድግዳ ጥግ ላይ ሰንሰለት የሚያስር አንድ ረጅም ብረት ይበየድ። «ግቢ ውስጥ መግፋት እንጂ መንዳት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍ። ሰው የመግጨቱ ስጋት በዚህ ያበቃል።

«የልጅ መጫወቻ» ወይም «የሀብታም ቅንጦት» ለምትሉ ደግሞ፣ ማውንቴን ሳይክል ራሱ እንዴት እንደተፈጠረ ልንገራችሁ። በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ካሊፎርኒያ ውስጥ የነበሩ ወጣቶች የተጣሉ አሮጌ ከባድ ሳይክሎችን ከየቦታው ሰብስበው፣ ራሳቸው ጠጋግነው ከተራራ ቁልቁል ይነዱ ነበር። ከቅንጦት ሳይሆን ከአሮጌ ብረት ነው የተወለደው። ከዚያም በ1996 አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ውድድር ሆነ። የኮልፌው ልጅ አሮጌ ማውንቴንም የዚሁ ዘር ነው።

እኛም ለሳይክል እንግዳ አይደለንም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ ስትሳተፍ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት ማለት ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ሰላም አምሃ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በሴቶች የጎዳና ውድድር ወክላናለች፤ «ሴት ልጅ ሳይክል?» ለሚሉ ወላጆች ይህን ንገሩልኝ። በመስከረም 2018 ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ፣ ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። አይታችሁ ከሆነ፣ የዓለም ምርጦች ላባቸው ጠብ እስኪል የታገሉት የኮብልስቶን አቀበት ላይ ነው። እኔ ስልኬ ላይ እያየሁ «ይሄ እኮ የእኛ ሰፈር ነው!» ብዬ ብቻዬን ጮህኩ።

በከተማችንም ነገሮች እየተቀየሩ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» እየተባለ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ሕፃናት ሲነዱ አይተናል። በኮሪደር ልማቱ ለብስክሌት የተለየ መስመር ተሠርቷል። ጥሩ ነው፤ እኔም እነዳበታለሁ። ግን መስመሩ ያለው ዋናው አስፋልት ላይ ነው። ሳይክል በጣም የሚያስፈልገው ልጅ ያለው ደግሞ ታክሲ በማይደርስበት ኮረኮንች ውስጥ ነው። እዚያ ማውንቴን እንጂ ሌላ አይሄድም። ልጁ ያን ሁሉ አቀበት ወጥቶ፣ መስመሩንም አግኝቶ፣ መጨረሻ ላይ በር ከተዘጋበት መስመሩ ምን ሠራ?

«መንገዱ አደገኛ ነው፤ ልጆቹን ልታስጨርስ ነው ወይ?» የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ሲኖትራክ በጎኔ ሲያልፍ እኔም ልቤ ይቆማል። ወላጅ ቢፈራ አልፈርድበትም። ስለዚህ በዋናው መንገድ ይብረሩ አላልኩም። የውስጥ ለውስጡን መንገድ ይያዙ፣ ሄልሜት ያድርጉ፣ ሁለቱም ፍሬን ይሥራ፣ ቁልቁለት ላይ ይውረዱና ይግፉ። ደግሞም እነዚህ ልጆች ዛሬም በዚያው መንገድ ናቸው፤ በእግራቸው፣ በጨለማ ተነስተው። ከልክለን ከአደጋ አላዳንናቸውም፤ አደከምናቸው እንጂ። እንዲያውም ትምህርት ቤት ካስገባናቸው በወር አንድ ቀን ፍሬናቸውን የምናይበት፣ ስለ መንገድ የምንመክርበት ዕድል እናገኛለን። በያጁ ወዳጃችን ብረቱን በነፃ እበይዳለሁ ብሏል። ፍሬን ማየቱን እኔ እወስዳለሁ።

መምህራን ወዳጆቼ፣ እናንተን በተለይ እለምናችኋለሁ። የማርፈጃ ማስጠንቀቂያ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ልጁ በምን እንደሚመጣ ጠይቁት። እኔ አልጠየቅኩም ሳይሆን፣ እያወቅኩ ነው የፈረምኩት።

እና አንተ ልጄ፣ ለጥያቄህ መልስ፦ አልተፈቀደም። የገባው የእኔ ብቻ ነው። ያን ጊዜ አንተ መንገድ ላይ ቆመህ ነበር፤ እኔ አልቆምኩልህም። ይቅርታ አድርግልኝ። የፊታችን ማክሰኞ የመምህራን ስብሰባ አለን፤ አነሳዋለሁ። ቢፈቀድም ባይፈቀድም የተባለውን እዚሁ እጽፈዋለሁ። እስኪፈቀድ ድረስ የእኔም ሳይክል ከበሩ ውጭ፣ ያቺው ምሰሶ ላይ ትታሰራለች። ከተሰረቀች ደግሞ ቢያንስ የምናገረው ነገር አገኛለሁ።

እሁድ ነፃ ከሆንክ 12 ሰዓት አየር ጤና ና። ሳይክል ከየትም ብዬ አዘጋጅልሃለሁ።

እናንተስ? በእናንተ ትምህርት ቤት ሳይክል ይገባል? ወላጆችስ ምን ትላላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ማክሰኞ ስብሰባው ላይ ይዤው እገባለሁ።

መልካም ሰንበት!