ሴኩሪቲ ሰብሮ መግባት ብቻ አይደለም፤ የማናንኳኳው በር አለ

ኢንቦክሴ ውስጥ በብዛት የሚመጡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ሳይበር ሴኩሪቲ መግባት እፈልጋለሁ፣ የትኛውን ሰርተፊኬት ልውሰድ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ፉሊ ፈንድድ ስኮላርሺፕ ካለ ይጠቁሙኝ» ይላል። የሁለቱም መልስ አንድ ቦታ ስለሚገናኝ እዚሁ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ከኢትዮጵያ ተነስቶ ወደ ሴኩሪቲ ምርምር መግባት ለሚፈልግ ተማሪ ርካሹም ክፍቱም በር ፎርማል ሞዴሊንግ ነው። እኛ ግን ሴኩሪቲ ሲባል ጥቁር ኮፍያ አድርጎ ፓስወርድ የሚሰብር ልጅ ስለሚታየን በሩን አልፈነው እንሄዳለን።

ፎርማል ሞዴሊንግ ምንድነው? አንድ ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ በሒሳብ ቋንቋ ትጽፋላችሁ። አጥቂው ምን ማድረግ እንደሚችል ትጽፋላችሁ። በፍጹም መሆን የሌለበትን ነገርም ትጽፋላችሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሊፈጠሩ የሚችሉ ሁኔታዎችን ይመረምርና ወይ «ይሄ አይሆንም» የሚል ማረጋገጫ ይሰጣችኋል፣ ወይ ጥቃቱን ደረጃ በደረጃ ያሳያችኋል። አንዳንዴም መጨረስ ያቅተዋል፤ ያኔ ጭንቅላታችሁን ማሠራት የእናንተ ፋንታ ነው።

የታወቀውን ምሳሌ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1978 ኒድሃምና ሽሮደር የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለት ሰዎች በኔትወርክ ላይ ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ፕሮቶኮል አሳተሙ። ዋናው ክፍል ሦስት መልእክት ብቻ ነው። 17 ዓመት ሙሉ ስንት ምሁር አነበበው። በ1995 ጋቪን ሎው የሚባል ሰው ቀዳዳ አገኘበት፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሶፍትዌር ተጠቅሞ ጥቃቱን አሳየ።

ቀዳዳው እንዲህ ነው። አልማዝ በኔትወርኩ ውስጥ ሕጋዊ አካውንት ካለው አጭበርባሪ ጋር መነጋገር ትጀምራለች። አጭበርባሪው መልእክቷን ይከፍትና በበቀለ ቁልፍ አሽጎ «አልማዝ ነኝ» ብሎ ለበቀለ ይልካል። በቀለ የራሱን ምስጢራዊ ቁጥር በአልማዝ ቁልፍ አሽጎ ይመልሳል። አጭበርባሪው ይህን መክፈት አይችልም፤ ስለዚህ እንዳለ ለአልማዝ ያሳልፈዋል። አልማዝ ከአጭበርባሪው የመጣ ስለመሰላት ከፍታ ቁጥሩን በአጭበርባሪው ቁልፍ አሽጋ ትልክለታለች። አለቀ። አሁን የበቀለ ምስጢር እጁ ገባ፤ በቀለም ከአልማዝ ጋር እያወራ ይመስለዋል። ልብ በሉ፣ ማንም ምስጠራ አልሰበረም። መፍትሔው በሁለተኛው መልእክት ውስጥ የበቀለን ስም መጨመር ብቻ ነበር።

ሦስት መልእክት ውስጥ 17 ዓመት የተደበቀ ስህተት ካለ፣ በኪሳችን ያሉት ሥርዓቶች ውስጥስ? በ2020 የዙሪክ ኢቲኤች ተመራማሪዎች የባንክ ካርድ ስታንዳርዱን ታማሪን በሚባል መሣሪያ ሞዴል ሲያደርጉ፣ ፒን የሚጠየቅበትን ከፍ ያለ ክፍያ በቪዛ ንክኪ አልባ ካርድ ያለ ፒን መክፈል እንደሚቻል አገኙ። በሁለት አንድሮይድ ስልክም በተግባር አሳዩት። በሌላ በኩል ብራውዘራችን ከባንክ ድረ ገጽ ጋር በምስጢር የሚያወራበት ቲኤልኤስ 1.3 በ2018 ከመጽደቁ በፊት ረቂቁ በታማሪንና በፕሮቬሪፍ ተፈትሿል፤ ችግሮቹም ገና ወረቀት ላይ እያሉ ተገኝተዋል። መድኃኒቱ ከበሽታው ቀደመ ማለት ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. ንግድ ባንክ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ሰው ሒሳቡ ውስጥ ከሌለው በላይ ገንዘብ ሲያወጣና ሲያስተላልፍ አደረ። ባንኩ በኋላ የገለጸው መጠን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ አብዛኛውም ተመልሷል። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረም ተናግሯል። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው፦ ሌባ ሰብሮ ሳይገባም ሥርዓት ፈጽሞ መድረስ የሌለበት ሁኔታ ላይ ሊደርስ ይችላል። «ከሒሳብ ውስጥ ከቀሪው በላይ አይወጣም» የምትለዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር በሞዴል ቋንቋ ተጽፋ ከእያንዳንዱ የሲስተም ለውጥ ጋር መፈተሽ ያለባት ነገር ናት። አማዞን ሌስሊ ላምፖርት የፈጠረውን ቲኤልኤ ፕላስ ለዚሁ ዓይነት ሥራ እንደሚጠቀም መሐንዲሶቹ ራሳቸው በ2015 ጽፈዋል። ቴሌብርና ፋይዳ የዕለት ኑሯችን በሆኑበት ዘመን ይህን የሚችሉ ልጆች ያስፈልጉናል።

አሁን ለምን «ርካሹ በር» እንዳልኩ ላስረዳ።

መጀመሪያ ገንዘቡ። ታማሪን፣ ፕሮቬሪፍ፣ ቲኤልኤ ፕላስ፣ ኢሳቤል፣ በቅርቡ ስሙ ሮክ የተባለው ኮክ፣ ሁሉም ነጻ ናቸው። አንዴ ካወረዳችሁ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራሉ። ትልልቅ ሞዴሎች ሜሞሪ ይበላሉ፤ ለመማሪያ የሚሆኑት ግን ተራ ላፕቶፕ ላይ ይሮጣሉ። «ሶፍትዌር ፋውንዴሽንስ» የሚባለው ተከታታይ መጽሐፍና የላምፖርት የቪዲዮ ትምህርት በነጻ ይገኛሉ። የዩዝኒክስ ሴኩሪቲ ጉባኤ ጽሑፎችም ያለ ክፍያ ክፍት ናቸው። ለአንድ ሰርተፊኬት ፈተና በዶላር የሚጠየቀውን ሳስብ ይሄ ያስደስተኛል።

ሁለተኛው ሕጉ ነው፤ ይሄን ጎላ አድርጋችሁ አንብቡ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ የሰው ሲስተም ውስጥ መግባት ወንጀል ነው። «ለመማር ብዬ ነው» ማለት አያድንም። ጎበዝ ልጅ ችሎታውን ለማሳየት ብሎ የአንድ መሥሪያ ቤት ሲስተም ሲነካካ ሕይወቱን ሊያበላሽ ይችላል። ሞዴል የሚሠራው ግን ለሕዝብ ክፍት ከሆነ የስታንዳርድ ሰነድ ተነስቶ ነው። የማንንም ሰርቨር አትነኩም። የባንክ ካርዱንም፣ የ5ጂውንም ሰነድ አውርዶ ማንበብ ይቻላል።

ሦስተኛው እኛ ቀድመን የተማርነው መሆኑ ነው። ዲስክሪት ማትስን፣ ሎጂክን፣ ኦቶማታን ታስታውሳላችሁ? «ይሄ ምን ይሠራልኛል?» እያላችሁ ለፈተና የሸመደዳችኋቸው እኮ የዚህ ሙያ ፊደል ናቸው። ላብ ስለሌለን ወደኋላ የቀረንበት ብዙ ዘርፍ አለ። ይሄኛው የሚጠይቀው ወረቀት፣ ትዕግሥትና ላፕቶፕ ነው።

ወደ ዕድሎቹ እንምጣ። እዚህ ላይ አንድ የቃል ችግር አለብን። እኛ «ስኮላርሺፕ» እያልን በቴሌግራም ቻናል እንፈልጋለን። በጀርመን፣ በኔዘርላንድስ፣ በስዊድን፣ በስዊዘርላንድ ግን የዶክትሬት ቦታ በአብዛኛው የሚወጣው እንደ ሥራ ማስታወቂያ ነው። ውል አለው፣ ደመወዝ አለው፣ ጡረታ ይቆረጥበታል። ስለዚህ መፈለግ ያለባችሁ የምርምር ቡድኖቹ ገጽ ላይ «ክፍት የሥራ ቦታ» የሚለውን ነው። አሜሪካ ደግሞ ለዶክትሬት ከተቀበሏችሁ ብዙውን ጊዜ የትምህርት ክፍያውና የወር አበሉ አብሮ ይመጣል፤ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ማመልከትም ይቻላል። ማመልከቻው የሚዘጋው በአብዛኛው በፈረንጆች ታኅሣሥ አካባቢ ስለሆነ ዝግጅቱ ከክረምት ይጀምር።

ቦታዎቹን በስም ልጥራ። ዛርብሩክን ጀርመን ውስጥ ሲስፓ የሚባል የሴኩሪቲ ምርምር ማዕከል አለ፤ ከታማሪን ፈጣሪዎች አንዱ ካስ ክሬመርስ ያለው እዚያ ነው። ቦኹም ከተማ የማክስ ፕላንክ የሴኩሪቲና ፕራይቬሲ ተቋም አለ። የማክስ ፕላንክ የኮምፒውተር ሳይንስ ተቋማት በጋራ የሚያካሂዱት የዶክትሬት ፕሮግራም የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ያለውንም ይቀበላል፤ ክፍያ ያለው ኢንተርንሺፕም አላቸው። ፈረንሳይ ውስጥ ፕሮቬሪፍ የተወለደበት ኢንሪያ ፓሪስና የናንሲው ሎሪያ አሉ። ዙሪክ ኢቲኤች አለ። ማስተርስ ለሚፈልግ ሴኩሪቲ ላይ ያተኮሩ የኢራስመስ ሙንዱስ ፕሮግራሞች አሉ፤ የአሁኑ ዙር ስኮላርሺፕ በወር 1,400 ዩሮ ነው። ቅርብ ለሚፈልግ ካርኔጊ ሜለን ኪጋሊ ላይ ካምፓስ አለው፤ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን የሚገኝ ድጋፍም አለ። ይሄን ሁሉ ለማግኘት ደላላ አያስፈልግም። «ስኮላርሺፕ አስጨርሳለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ሰው እባካችሁ ራቁት።

እንዴት ይጀመር? የምመክረው እንዲህ ነው።

1. ከላይ የነገርኳችሁን የአልማዝና የበቀለ ፕሮቶኮል በፕሮቬሪፍ ወይም በታማሪን ራሳችሁ ጻፉት። ጥቃቱን መሣሪያው እንዲያገኘው አድርጉ። ስሙን ጨምሩና አስተካክሉት፤ ከዚያ ማረጋገጫውን አግኙ። ለሥራው ሁለት ሦስት ሳምንት ስጡት።

2. አንድ የታተመ ጽሑፍ ምረጡና ሞዴሉን አውርዳችሁ ደግማችሁ አሂዱት። ብዙ ተመራማሪዎች ፋይላቸውን ክፍት ያደርጋሉ። አንድ ግምት ቀይሩና ምን እንደሚሆን እዩ።

3. ያያችሁትን በአራት አምስት ገጽ ጻፉ። ጊትሃብ ላይ አስቀምጡት።

4. ከዚያ በኋላ ለፕሮፌሰሩ ኢሜይል ላኩ። «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ የእርስዎ ምርምር በጣም ይስበኛል» የሚለውን ለመቶ ሰው መላክ ጊዜ ማባከን ነው። «የእርስዎን ሞዴል አሂጄ፣ ይሄን ግምት ሳነሳ ይሄ ሆነ፤ ለምን ይመስልዎታል?» የሚል ስምንት መስመር ይበቃል። መልስ ላይመጣ ይችላል። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ሰው ስትጽፉ ግን የምታሳዩት ሥራ አላችሁ።

5. ወረቀቱ አያስቆማችሁ። ብዙ ቦታ ለማመልከቻ ስቱደንት ኮፒ ይበቃል፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ከተቀበሏችሁ በኋላ ይጠየቃል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በእንግሊዝኛ እንደተማራችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ በአይልትስ ፋንታ ይቀበላሉ። የማመልከቻ ክፍያ ካለ እንዲያነሱላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር የለውም።

የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁለቱ ተገቢ ናቸው።

«ሞዴል እውነታው አይደለም» ይባላል። ልክ ነው። የዋይፋይ ዳብልዩፒኤ 2 የቁልፍ ልውውጥ በሒሳብ ተረጋግጦ ነበር። በ2017 ሉቨን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ማቲ ቫንሁፍ ክራክ የተባለውን ጥቃት አሳየ። ማረጋገጫው ሐሰት አልነበረም፤ ቁልፉ ስልኩ ውስጥ መቼና ስንት ጊዜ እንደሚጫን ሞዴሉ ውስጥ አልተጻፈም ነበር። ታዲያ ይሄ ሙያውን አይጥለውም። ያልተጻፈችው ግምት የትኛዋ ናት ብሎ መፈለግ ራሱ የምርምር ሥራ ነው፤ ለአዲስ ተማሪ የሚሆነው ቀዳዳም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

«ሄደው ይቀራሉ» ይባላል። ይሄኛው ያመኛል፤ ምክንያቱም እውነት አለበት። ግን በሩን መዝጋት መፍትሔ አይደለም፤ የሚመለሱበትን ምክንያት መሥራት ነው። ውጭ ሆኖ ከእዚህ መምህር ጋር አንድ ተማሪ በጋራ ማማከር ዛሬ በዙም ይቻላል። ባንኮቻችንና ቴሌኮሞቻችንም አዲስ ሲስተም ሲገዙ «ይሄ እንዴት ተረጋገጠ?» ብለው የሚጠይቁ ሰዎች ቢቀጥሩ ለሙያው ገበያ ይኖረዋል። ዛሬ «ሥራ የለውም» የምንለው ጠያቂ ስለሌለ ነው።

በመጨረሻ ለመምህራን ባልደረቦቼ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲመጣ ስንት «ዌብ ቤዝድ ማኔጅመንት ሲስተም» ፈርመን እናሳልፋለን? በየዓመቱ ከአንድ ባች አንድ ቡድን ብቻ የአንድን ክፍት ፕሮቶኮል ሞዴል እንዲሠራ ብናደርግ በአምስት ዓመት አምስት ቡድን ይኖረናል፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ሁለቱ ተመራማሪ ይሆናሉ። አማካሪውም አብሮ ይማራል። የድጋፍ ደብዳቤም በሰዓቱ እንጻፍ። ተማሪው ስድስት ወር የለፋበት ማመልከቻ በእኛ ቸልታ ቀኑ ሲያልፍ የሚከሰሰው የለም፣ የሚጎዳው ግን አለ።

ጥያቄ ያላችሁ ከኢንቦክስ ይልቅ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሌላውም መልሱን ያነበዋል። በዚህ መንገድ ሄዳችሁ አሁን ውጭ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼም እስቲ ለታናናሾቻችሁ አንድ ሁለት መስመር ጣል አድርጉ። ሞዴሉን ሠርቶ ጥቃቱን ያገኘ ሰው ፋይሉን ይላክልኝ፤ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

ሰላም ዋሉ።