ሦስት ትውልድ በሚዛን መንገድ

የእረፍት ሰሞን ሲመጣ አብዛኞቻችን ልጆቻችንን ይዘን ወደ ውሃ ዳር ነው የምናስበው። ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ፣ ላንጋኖ። ባሕር ስለሌለን ሐይቁን ባሕራችን አድርገነዋል። ክፋት የለውም፤ ልጅ ይዋኛል፣ ወላጅ ዓሣ ይበላል። ዘንድሮ ግን እኛ ቤት ክርክር ተነሳ። የ72 ዓመቷ እናቴ «ሚዛንን አንድ ቀን ሳላይ አልሞትም» አለች። የ12 ዓመቱ ልጄ ደግሞ «እዚያ ደግሞ ምን አለ?» ብሎ አኮረፈ።

እናቴ ምክንያት ነበራት። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲያመላልስ ነው ያሳደገን። ክረምት ላይ ከወጣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት ይቆያል። ሲመለስ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጭቃ ይዞኝ ነው።» እናቴ ይህን መልስ በሙሉ ልቧ አምናው እንደማታውቅ እኛ ልጆቿ ማንም ሳይነግረን እናውቅ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጅማ አደርን። የእናቴ ጉልበት ከዚያ በላይ አይችልም። ጠዋት ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ዳግማዊ ቤተ መንግሥት አይተን ወደ ቦንጋ ቀጠልን።

ቦንጋ የካፋ እምብርት ናት። ካፋ ለብዙ ዘመን የራሱ ንጉሥ የነበረው አገር ነው። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 በዳግማዊ ምኒልክ ጦር እስኪማረኩ ድረስ አገሩ ራሱን ችሎ ኖሯል። ከተማዋ ውስጥ የቡና ሙዚየም፣ ወጣ ሲሉ ደግሞ የባርታ ፏፏቴና ድንጋዩን ተፈጥሮ ራሷ ቦርቡራ የሠራችው የእግዜር ድልድይ አሉ። ዓለም የሚጠጣው የአረቢካ ቡና መገኛው ይህ የደቡብ ምዕራብ ደን ነው። ዩኔስኮም የካፋን ደን እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካን ደን በ2012 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቧቸዋል። ልጄ ቡና ያለ ዘሪ ጫካ ውስጥ በራሱ ሲበቅል ሲያይ ኩርፊያው ለቀቀው።

ከቦንጋ ወደ ሚዛን ስንሄድ መንገዱ ገደል ለገደል ይጠማዘዛል። መሐል ላይ ሻይ ልንጠጣ ቆምን። አንድ ሽማግሌ አጠገባችን ተቀምጠው ነበርና እናቴ ስለ ድሮው መንገድ ጠየቀቻቸው።

«አስፋልቱ ሳይመጣ ነው የምትይኝ?» አሉ ሽማግሌው። «ኧረ ልጄ፣ ዝናብ ከያዘ መኪና ተሰልፎ ሳምንት ይተኛ ነበር። ሹፌሮቹን የምናበላቸው እኛ ነበርን።»

እናቴ ብርጭቆዋን እንደያዘች ብዙ ዝም አለች። በኋላ ለማንም ሳይሆን ለራሷ «ለካ እውነቱን ነው» አለች።

ልጄ ይህን ሰምቶ «እማማ፣ አያቴ ታዲያ የት ይተኛ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። ከዚያ በኋላ እስከ ሚዛን ድረስ ወሬው አልተቋረጠም። እኔ ራሴ ሰምቼው የማላውቀውን ሁሉ ያን ቀን ሰማሁ፤ አባቴ ጋቢውን ለረዳቱ ሰጥቶ በብርድ እንዳደረ፣ እሷም ሲመጣ የሚበላውን ደብቃ ታስቀምጥለት እንደነበር።

በማግስቱ ከሚዛን ወደ ደቡብ ወርደን የበበቃን የቡና እርሻ አየን። ትልልቅ የጥላ ዛፎች ሥር ቡናው እስከ ዓይን ጥግ ተዘርግቷል። ልጄ ቀይ እሸት ቡና አፉ ውስጥ ከትቶ «ይጣፍጣል እንዴ!» አለ። እሸቱ ከነልባሱ ደርቆ ጀንፈል እንደሚሆን፣ ጀንፈሉ ተፈልፍሎ እኛ ቤት የሚቆላው ፍሬ እንደሚወጣ እናቴ አስረዳችው። ከሚዛን 50 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ቴፒ ደግሞ ቁንዶ በርበሬ ዛፍ ላይ እንደ ሐረግ ሲወጣ፣ ኮረሪማና እርድም ሲበቅሉ አየ። በዚያ አገር ሰዎች ከቡና ቅጠል ቅመም ጨምረው የሚያፈሉትን ጨሞም ቀመስን፤ እናቴ ሁለተኛ አስቀዳች።

ለመሄድ ለምታስቡ ወላጆች ጥቂት ልንገራችሁ። ትልቅ ሰውና ሕፃን ከያዛችሁ ጉዞውን በየቀኑ ከፋፍሉት፤ በሌሊት አትንዱ፤ ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። በበቃና ቴፒ ቆላማ ስለሆኑ ወባ አለ፤ ቀደም ብላችሁ ሐኪም አማክሩ፣ አጎበርም ያዙ። አካባቢው ዝናብ ስለሚበዛበት የዝናብ ልብስ አትርሱ። የቡና ለቀማን ማየት ከፈለጋችሁ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ይመረጣል።

አያቶችንም ከኋላ ወንበር አታስቀምጧቸው። ጉልበታቸው የሚዘረጋበት፣ መንገዱም የሚታያቸው ከፊት ነው። የሚቀጥለውን እረፍት የት እንደምታሳልፉ ከመወሰናችሁ በፊት ደግሞ እቤት ያሉትን ትልልቅ ሰዎች «የት ሠራችሁ? የት ኖራችሁ? የትኛውን አገር ማየት ቀራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጆቹም ቁጭ ብለው ይስሙ። መልሱ ሚዛን ላይሆን ይችላል፤ ደሴ፣ ጎሬ ወይም አሰላ ሊሆን ይችላል። ሐይቁን በሚቀጥለው ዓመት ትደርሱበታላችሁ።