መራቂ የሌለበት ምረቃ

የዛሬዋ ደብዳቤ ላኪ የ24 ዓመት ወጣት ናት። የምትኖረው እስራኤል አገር፣ ነታንያ ከተማ ነው። ወላጆቿ ጎንደሬ ቤተ እስራኤላውያን ናቸው፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከተወሰዱት ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች መካከል ነበሩ።

ጭንቀቷን በአጭሩ እነሆ። ታናሽ ወንድሟ 12ኛ ክፍል ጨርሷል። ምረቃው ሐሙስ ምሽት 2 ሰዓት ነው። እናቷ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ከቀኑ 9 እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ይሠራሉ። አባቷ የሌሊት ጥበቃ ናቸው። አርብ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሰንበት ወጡም ዳቦውም ማለቅ አለበት፤ ሰንበት ከገባ እሳት አይነካማ! ወላጆቿ “ቋንቋውንም አንችለው፤ አንቺ ሂጂለት” አሏት። ተመራቂውም “ተያቸው፣ ይደክማቸዋል” አለ። “ልግፋበት ወይስ ልተወው?” ትላለች።

እህቴ፣ እንደኔ እንደኔ ግፊበት!

ክሊኒክ አስተርጓሚዋ አንቺ፣ ባንክ አንቺ፣ የወላጆች ስብሰባም አንቺ እንደሆንሽ ጽፈሻል። ልጁ 12 ዓመት ሲማር አባትሽ የትምህርት ቤቱን ግቢ አልረገጡም። እንጀራ ነው፣ ማንም አይፈርድባቸውም። ሐሙስም ብቻሽን ከሄድሽ ግን ይህ ሁሉ ዘመን እነሱ ሳያዩት አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የውትድርናው ጥሪ ይመጣል፤ ልጁም ከቤት ይወጣል።

“ቋንቋ አንችልም” ለሚሉት የራሳቸውን አማርኛ አስታውሻቸው። ምረቃና ምርቃት ከአንድ ቃል የወጡ ናቸው። ወረቀቱን ዳይሬክተሩ ይስጥ፤ የሚመርቀው ወላጅ ነው። በአይሁድ ቤት አርብ ማታ እጅን ልጅ ራስ ላይ ጭኖ መመረቅ የቆየ ልማድ አይደል? ያንኑ ሐሙስ ማታ ግቢው በር ላይ ያድርጉት። ዕብራይስጥ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ሥራው። እናትሽ የሐሙሱን ፈረቃ ከአንዲት ባልደረባቸው ጋር በእሑድ ይቀያየሩ፤ እዚያ እሑድ የሥራ ቀን ነው። አባትሽ ለአለቃቸው ዛሬውኑ ይንገሩ፤ ሌሊቱ ባይቀርላቸው እንኳ ሁለት ሰዓት ዘግይተው ይግቡ። ሽንኩርቱን ረቡዕ ማታ አንቺ ክተፊው፣ ሊጡን ሐሙስ አቡኪው፣ አርብ ጠዋት ይጋገራል። አዳራሽ ውስጥ መሃላቸው ተቀመጪና የሚባለውን ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው።

ወንድምሽን ግን ለብቻው ያዢው። “ይደክማቸዋል” ያለው አዝኖላቸው ነው ወይስ ጓደኞቹ ፊት አፍሮባቸው? አዝኖ ከሆነ፣ ድካማቸው ለዚች ቀን እንደነበር ንገሪው። አፍሮ ከሆነ አትጩሂበት። በ18 ዓመት ያላፈረ ማን አለ? “የተማርክበትን ወለል በመወልወልና ሌሊት በመቆም ነው የከፈሉት” በይውና ዝም በይ። ራሱ ያስበው። ግብዣውን ግን እሱ በአፉ ይንገራቸው፤ ካንቺ ሲሰሙትና ከሱ ሲሰሙት አንድ አይደለም።

እናንተስ የአዲስ አበባ ልጆች? “እናቴ ሰው መሃል ይጨንቃታል” እያላችሁ የምረቃችሁን ቀን ለጓደኛ ብቻ የነገራችሁ የላችሁም? ኧረ ንገሯቸው! ካልፈለጉ ራሳቸው ይቅሩ።

የሳምንት ሰው ይበለን።